ክር የታሰረበት አይበላም

አክስቴን የሰፈሩ ሰው «ክብሪት» ይላታል፤ ፊት ለፊት ግን ሁሉም «እትዬ» ነው የሚለው። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ያወጣው ሰው ቢጠየቅም የሚክድ ይመስለኛል። እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ። እናቴ ስትሞት ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝም፣ ስፌት ያስተማረችኝም፣ መቆጣት ያስተማረችኝም እሷ ናት። የመጨረሻውን በደንብ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ይህን ታሪክ ረጋ ብዬ እንዳወራው የሚጠብቅ ሰው ካለ ከአሁኑ ቁርጡን ይወቅ።

አክስቴ ጡረታ እስክትወጣ የሠራችው ሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ አትክልት የሚጣደው ገና በጠዋት ነው፤ የሚወጣው ለምሳ። ካሮቱ ከድንቹ፣ ድንቹ ከጎመኑ ሳይለይ አብሮ ይሟሟል። «እዚህ ቤት ጎመኑ ከበሽተኛው ቀድሞ ነው የሚሞተው» እያለች ከስንት ኃላፊ ጋር ተጣልታለች። አንዱ ኃላፊ «እትዬ፣ በሽተኛ እኮ የሚያኝክበት አቅም የለውም» ብሎ ሊያስረዳት ሲሞክር፣ «ምላስ ግን አለው፤ አንተም ካለህ ቅመሰው» ብላ ጭልፋውን አፉ ድረስ አስጠግታለታለች። ቀምሷል ይባላል። ቀምሶም አልተለወጠም፤ እሷን ወደ ሰሃን አጠባ አዛወራት እንጂ። ያንን ንዴት ይዛ ነው ጡረታ የወጣችው፤ ይዛው የገባችውም ወደ ጓሮ ነው።

ጓሯችን ከኩሽናው ግድግዳ እስከ ቆርቆሮው አጥር ያለች መሬት ናት፤ አንድ መኪና ቢቆምባት ትሞላለች። የስፌት መኪናዬ የቆመበት ክፍል መስኮቱ ወደዚያ ስለሆነ፣ ዓመቱ እንዴት እንደሚዞር የማውቀው ከአክስቴ ስድብ ነው። ዝናብ ሲዘገይ ሰማዩን ትሰድባለች፤ ሲመጣ ደግሞ ቀንድ አውጣውን። ድንቹና ካሮቱ በዝናቡ ይከርማሉ። ዝናቡ ሲያባራ ቲማቲሙ ድጋፍ ይፈልጋል፤ ያኔ እቤት ውስጥ እንጨት የሚባል ነገር አይገኝም። መጥረጊያው እጀታ አልባ ሆኖ ጎንበስ ብለን የምንጠርግበት ወቅት አለ፤ እንግዳ ቢመጣ እንኳ ለምን እንደሆነ አንነግረውም። በብርዱ ወራት ቆስጣውና ጎመኑ ቅጠላቸው ይወፍራል፣ ጣዕማቸውም ይጣፍጣል፤ በዚያን ጊዜ ስድቡ ለወፎቹ ነው። በጋ ላይ ቧንቧው ሲደርቅ ደግሞ ተራው የእኛ ነው። ፊቴን ታጥቤ ሳልጨርስ «ያንን ውሃ የት ልትደፊው ነው?» የሚል ድምፅ ከጓሮ ይመጣል። ሩዝ የታጠበበትም፣ ሰሃን የተለቀለቀበትም ወደ ሽንኩርቱ ይሄዳል። አንድ ቀን የአክስቴ ልጅ ሚስት ተሳስታ ውሃ መንገድ ላይ ደፋችና ለሳምንት ያህል በስሟ አልተጠራችም፤ «ያቺ ውሃ የምትደፋው» ነበረች።

አበሳሰሏም እንደዚያው ቁጡ ነው። በእሷ ቤት መጀመሪያ ውሃ ይጣዳል፤ ፎሶሊያ የሚለቀመው ውሃው ሲፈላ ነው። ቀድሞ የተለቀመ ፎሶሊያ ለእሷ ያደረ ወሬ ነው። «ፈልቷል» ስትለኝ ስፌቴን ጥዬ ወደ ጓሮ እሮጣለሁ፤ ለቅሜ፣ ጫፍና ጫፉን ቀንጥሼ እስክመለስ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። «እዚያው አርጅቶ መጣ» ትላለች ሳህኑን እየነጠቀችኝ። ትንሽ ይፈላል፣ ይጠለላል፣ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ላይ ገልበጥ ገልበጥ ይደረጋል፤ ጨው መጨረሻ ላይ ነው። ስታኝከው ድምፅ ካላሰማ አትበላውም። ቲማቲሙ ሲበዛ እየላጠች ታፈላውና በጠርሙስ ታስቀምጠዋለች፤ ዱባው ለብርዱ ሾርባ አልጋዋ ሥር ይተኛል። የእሷን ምግብ የበላ ሰው ሌላ ቤት ሄዶ መብላት ይቸግረዋል፤ እኔ እንኳ ሰርግ ቤት ካሮት ሳይ ይቆጨኛል።

ከዚህ ሁሉ ግን እንደ ዓይኗ ብሌን የምታየው ያንን ፎሶሊያ ነበር። ዘሩን ያመጣችው እናቴ ናት። እህቷ ዘንድ ለመኖር ስትመጣ የያዘችው አንዲት ሻንጣና በሻሿ ጫፍ የቋጠረችው ዘር ብቻ ነበር፤ ነጭ ሆኖ ቀይ ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለበት። ሁለቱ እህትማማቾች አብረው ተከሉት። እናቴ ከሞተች በኋላ አክስቴ አንድም ዓመት ሳትተክለው ቀርታ አታውቅም። ስለ እናቴ ብዙ አታወራኝም፤ ማልቀስ ስለማትወድ ይሆናል። ግን በየዓመቱ ፎሶሊያው አፈሩን ሰንጥቆ ሲወጣ መስኮቴን ታንኳኳና «እናትሽ ብቅ ብላለች፤ ነይ እያት» ትለኛለች። እወጣና አብረን ቆመን እናያለን። የእናቴ ፎቶ የለኝም። ያለኝ ያ ነው።

የዘሩ ደንብ እንዲህ ነው። ተክሎቹ ማፍራት ሲጀምሩ ጠንካራዎቹን ትመርጥና፣ ከታች ያንጠለጠሏቸውን ረጃጅም ፍሬዎች ከእኔ ማጠንጠኛ በቆረጠችው ቀይ ክር ምልክት ታስርባቸዋለች። ክር የታሰረበት አይበላም። ተክሉ ላይ እንዳለ ይቆያል፤ ይጠነክራል፣ ጅማት ያወጣል፣ ቢጫ ይሆናል፣ በመጨረሻ ደርቆ ሲነቀነቅ ውስጡ ሲንኳኳ ይፈለፈላል። የከርሞው ተክል እሱ ነው። ሌላ ሰው ምርጡን በልቶ የተረፈውን ለዘር ያስቀምጣል፤ እሷ ምርጡን አስቀምጣ የተረፈውን ነው የምታበላን። ትርፍ ዘርም አታሳድርም፤ «የከረመ ዘር የነቀዝ ቀለብ ነው» ብላ ያገኘችውን ሁሉ ትተክላለች። ለሰው መስጠት ደግሞ አይታሰብም። ለምኗት ያልተቆጣችው ጎረቤት የለም፤ መልሷ «ገበያ ሞልቷል» ነው። እንግዲህ የእናቴ ዘር የነበረው በዚያች ጓሮ፣ በእነዚያ ቀይ ክሮች ላይ ብቻ ነው ማለት ነው። «እትዬ፣ አንድ ነገር ቢፈጠርስ?» ብዬ ስንቴ ነግሬያታለሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ሌላው ጣጣ ሌባው ነበር። በየዓመቱ ክር ከታሰረባቸው ውስጥ አንድ ሁለቱ ይጠፋሉ። ከቆርቆሮው አጥር ማዶ የሚኖረው የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ክንዱ በቆርቆሮው ስንጥቅ የሚያልፍ ሰው። ማለፉን ማንም አይቶ አያውቅም፤ አክስቴ ግን ክንዱን በዓይኗ ለክታዋለች። ፍሬ በጠፋ ቁጥር አጥሩ ሥር ትቆምና ታወርድበታለች።

«አንተ ሌባ፣ የትናንትናዋን የት አደረስካት?»

«ዓይኔ ይጥፋ እትዬ፣ አላየሁም» ይላል ከማዶ።

«ሳታይ ነው የሰረቅከው ማለት ነው።»

«ዓይኔ ይጥፋ አልኩ እኮ።»

ዓይኖቹ ግን ደህና ናቸው። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ የለም፤ ቧንቧችን ሲፈነዳ እንኳ ከሌላ ሰፈር ሠራተኛ እናስመጣለን እንጂ እሱ አይጠራም።

ባለፈው ዓመት ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ ክር የታሰረባቸው ፍሬዎች ቢጫ መሆን ሲጀምሩ፣ አክስቴ ቲማቲሞቹ መሃል ወደቀች። ደም ግፊት ነው፣ ውሃም አንሷታል ተባለና ሆስፒታል ተኛች። አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ፤ ስፌቴን ዘግቼ አልጋዋ ሥር ነበር የማድረው። የተኛችውም ዕድሜዋን የሠራችበት ሆስፒታል ነው። የመጀመሪያው ምሳ ሲመጣ ክዳኑን ከፍታ አየችው። «በጠዋት ነው የጣዱት» አለች። ከዚያ ጎመኑን ወደ ዳር ገፋ አድርጋ፣ «እዚህ ሰው የሚድነው ቶሎ ቤቱ ገብቶ ለመብላት ነው» ብላ ነርሷን አሳቀቻት። በማግስቱም በሳልስቱም ሌላ የሚያስጨንቃት ነገር አልነበረም። «ጠውልገው ይሆን? ዝናብ እንዳይመታቸው ብቻ፤ ከመታቸው ይሻግታሉ» ትለኛለች፤ መርፌ እየተወጋች ስለ ፍሬዎቹ ነው የምታወራው።

ስትወጣ ዶክተሩ የነገራትን እኔም ልጇም ቆመን ሰምተናል። «ከባድ ዕቃ እንዳያነሱ፤ ውሃ በደንብ ይጠጡ፤ በየቀኑ ይንቀሳቀሱ።» እኔ «ይንቀሳቀሱ» የሚለውን ሰማሁ። ልጇ ግን ዶክተሩ አፉን ከመክፈቱ በፊት «እናቴ ማረፍ አለባት» ብሎ ወስኖ፣ ወስኖም ጨርሶ ነበር።

እሱን «ወንድሜ» ነው የምለው፤ አብረን ነው ያደግነው። የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ከሚስቱ ጋር የፊት ለፊቱን ክፍሎች ይዘው አብረውን ይኖራሉ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው። በክፉ ሰው ተናዶ፣ ሰድቦ መገላገል ይቻላል። ደህና ሰው፣ ፈገግ ብሎ፣ «ለአንቺ ብዬ» እያለ ሲያጠፋህ ግን ንዴቱን የት ታደርሰዋለህ?

ቤት ደርሰን ወደ ጓሮ የሚያስገባው የጎኑ በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት የወንድሜን መኪና ነው። ሁልጊዜ መንገድ ላይ የሚያድረው መኪና ጓሮ ገብቶ ቆሟል። ከሥሩ ሲሚንቶ ነው። ከኩሽናው ግድግዳ እስከ ቆርቆሮው አጥር ድረስ አንዲት ቅጠል የለችም፤ ልሙጥ ሲሚንቶ ብቻ። ቲማቲሙ የቆመባቸው እንጨቶች ታስረው ጥግ ተቀምጠዋል፤ ከመካከላቸው የመጥረጊያችንን እጀታ አወቅኩት።

ወንድሜ የእናቱን ክንድ ይዞ፣ «ለአንቺ ብለን ነው እማዬ» አለ። «ከእንግዲህ ጎንበስ ቀና የለም። እዚህች ጋ ወንበር ይወጣልሽና ፀሐይ ትሞቂያለሽ።»

ደሜ ፈላ። አክስቴ እስክትፈነዳ ጠበቅኩ፤ ከእሷ በኋላ እኔ ልቀጥል ተዘጋጅቼ ነበር። አልፈነዳችም። ሲሚንቶውን አየች፣ መኪናውን አየች፤ ከዚያ በማላውቀው ቀጭን ድምፅ «ፎሶሊያዬስ?» አለች።

«ምንም አልተጣለም እማዬ፤ አንዷም ሳትቀር ተለቅማለች። ምሳ ተሠርቶልሻል» አለ።

«ተለቅማለች» ሲል ፊቷ ትንሽ ፈካ አለ። ምን እንዳሰበች ገባኝ። ቢጫ መሆን የጀመረ ፍሬ ቢለቀምም፣ ነፋሻ ቦታ ቢሰጣ ሊደርቅ ይችላል። መሬቱ ቢሄድም ዘሩ ሊተርፍ ይችላል። ገብታ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች። እኔ ፍሬዎቹ የት እንደተቀመጡ ላይ ብዬ ወደ ኩሽና ገባሁ።

መታጠቢያው አጠገብ ቀያይ ክሮች ተከምረዋል። በመቀስ አልተቆረጡም፤ አንድ በአንድ ተፈትተው፣ ተስተካክለው ነው የተቀመጡት። የወንድሜ ሚስት እጇን እየጠረገች ፈገግ አለችልኝ።

«ክር ያሰሩባቸውን ለብቻቸው ነው የሠራሁላቸው» አለች። «ለትልቅ ቀን ያስቀመጧቸው መስሎኝ። እሳቸው ድነው ከገቡበት የበለጠ ምን ትልቅ ቀን አለ ብዬ።»

«የታሉ?»

«ሳህናቸው ላይ ናቸዋ።»

ሮጬ ስመለስ አክስቴ ጎርሳለች። ማኘኳን አቁማ ተቀምጣለች። ከዚያ ሁለት ጣቷን ወደ አፏ አስገብታ ጥርሷ መሃል የቀረውን ጅማት ቀስ ብላ ሳበችና ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። ለምግብ የሚለቀም ፎሶሊያ ጅማት የለውም፤ እሷ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ከሳህኑ አንዱን አንስታ በጥፍሯ ሰነጠቀችው። ውስጡ ያለው ዘር በፍል ውሃ አብጦ፣ ቀዩ ነጠብጣቡ ለቆ፣ አመዳም ሆኗል። ሌላ ሰነጠቀች። ሌላም። ሳህኑ ላይ ያሉትን ሁሉ እየሰነጠቀች ያልበሰለ ፈለገች፤ የነካችው ሁሉ ጣቷ ላይ ይፈርሳል።

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ፣ «ትንሽ ጠንከር አለብሽ እንዴ እማዬ?» አላት።

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ሁሉ አልጽፈውም። ድምፄ ሰፈር ማዶ ድረስ መሰማቱን ግን ኋላ ነገሩኝ። «የእናቴን ዘር ቀቅላችሁ አቀረባችሁላት» አልኩ። «መኪናህን እናቴ ላይ አቆምክ» አልኩ። ወንድሜ መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ኋላ እሱም ቱግ አለ።

«እዚያ ነው የወደቀችው! ተመልሳ እንድትወድቅ ነው የምትፈልጊው? ባቄላ ነው እኮ፣ ኪሎ ሙሉ ልገዛልሽ እችላለሁ።»

«ባቄላ አይደለም።»

«እሺ ፎሶሊያ! ለእሷ ብዬ ነው እያልኩሽ ነው።»

«ለእሷ ብለህ ከሆነ መኪናህ ለምን ገባ?»

ሚስቱ ኩሽና በር ላይ ቆማ፣ አፏን በሻርፗ ይዛ ታለቅሳለች። በእሷም ተናድጄ ነበር፤ ክሮቹን እንዲያ አስተካክላ ማስቀመጧ ነው ይበልጥ ያናደደኝ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱን ስትፈታ በፍቅር እንደነበር ይታያል። አክስቴ ግን ማናችንንም አልሰማችም። ተነስታ ክፍሏ ገባች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። አክስቴ የሰጧትን ትበላለች፤ እስኪሟሟ ድረስ የበሰለ ካሮት አቅርበንላት ያለ ስድብ በላችው። ያን ቀን ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። በወንድሜ ተናደድኩ፤ «አየሽ፣ ረጋ ብላለች፤ ዕረፍት ተስማምቷታል» ስላለኝ። በእሷም ተናደድኩ፤ ያንን ሁሉ ዘመን ለአንድ ሰው እንኳ አንዲት ፍሬ ሳትሰጥ በመቅረቷ። በእናቴም ተናደድኩ፣ ዘር ብቻ ትታልኝ ስለሄደች። ስፌት መኪናዬን ከመስኮቱ አንስቼ ወደ ግድግዳው አዞርኳት።

አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ፤ የቧንቧ ሠራተኛው ነው። አንድም ቀን በራችንን አንኳኩቶ አያውቅም። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ አንድ እጁን ብብቱ ውስጥ አድርጎ ቆሟል።

«ምን ፈለግህ?» አልኩት።

«እትዬ አሉ?»

«አሉ። ምን ፈለግህ?»

«ድምፃቸው ጠፋብኝ» አለ። «አጥሩ ጋ ቆሜ ብጠብቅ ብጠብቅ የሚሰድበኝ የለም። ያን ቀን ደግሞ የጮኽሽውን ሰምቻለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ነው የሰማው።»

አስገባሁት። አክስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች ነው። አልጋው ጫፍ ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ፣ ሌባው ነኝ።»

ዞረች። ወደ ቤት ከገባን ወዲህ ዓይኗ ሰው ላይ ሲያርፍ የመጀመሪያው ነበር። ከብብቱ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አወጣና በሁለት እጁ ዘረጋላት። ተነስታ ተቀመጠች፣ ክዳኑን በጥፍሯ ታግላ ከፈተችው፤ እኔም ከትከሻዋ በላይ አየሁ። ነጭ ዘር ነው፤ ቀይ ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለበት።

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። አክስቴ ግን አፍንጫዋን ቆርቆሮው ውስጥ አስገብታ አሸተተች፤ ፊቷ ጠቆረ።

«ክዳኑን ገጥመህ ነው ያስቀመጥከው?»

«አዎ እትዬ።»

«በደንብ ሳይደርቅ?»

«ደርቋል ብዬ ነበር።»

«ሻግቷል! ይኸው፣ እዚህ ተመልከት፤ ይሄ ነቀዝ ነው። ይሄም። የት ነበር የምትተክለው?»

«በርሜል ውስጥ ነው፣ ከቤቱ ኋላ። እርስዎ እንዳያዩት ብዬ።»

«በርሜል ውስጥ» አለች፤ ድምፅዋ እየወፈረ፣ ወደ ዱሮው እየተመለሰ። «የሰው ዘር ሰርቆ በርሜል ውስጥ! ይሄን ሁሉ ዘመን ስትሰርቀኝ ኖረህ መስረቅ እንኳ አልተማርክም። ዓይኔ ይጥፋ ትላለህ ደግሞ።»

«እል ነበር።»

«አልጠፋም ግን።»

«አልጠፋም እትዬ» አለ፤ ራሱን አቀርቅሮ።

«ትሪ አምጪ» አለችኝ። አመጣሁ። ቆርቆሮውን ገለበጠችው፤ የሻገተውንና ነቀዝ የበላውን እየለቀመች፣ እየሰደበችው፣ ጥቂት ደህና ዘር ቀራት። አንዷን አንስታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቼን አጠፈችልኝ። ብናገር አለቅሳለሁ፣ ካለቀስኩ ደግሞ ትቆጣኛለች።

የቧንቧ ሠራተኛው በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ወጣና ሲሚንቶውን በጫማው ተረከዝ መታ መታ አድርጎ ተመለሰ።

«ውፍረት የለውም» አለ። «ብረትም አላስገቡበትም። የጥድፊያ ሥራ ነው።» ቀጥሎ እንደ ማፈር አለና፣ «ወለል መስበር የዘወትር ሥራዬ ነው፣ ቧንቧ የሚቀበረው ከሥሩ ስለሆነ። እትዬ ከፈቀዱልኝ» አለ።

አክስቴ ጫማዋን ፈለገች።

ወንድሜ ከሥራ ሲመለስ መኪናውን ወደ ጎኑ በር አዙሮ በድንገት ቆመ። የቧንቧ ሠራተኛው ሸሚዙን ጠቅልሎ በትልቅ መዶሻ ሲሚንቶውን ይመታል፤ ከሥሩ ጥቁር አፈር ታይቷል። አክስቴ ፀሐይ ልትሞቅበት የወጣላት ወንበር ላይ ተቀምጣ «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ ከአጥሩ አታርቅብኝ» እያለች ታዛለች። የወንድሜ ሚስት ማንም ሳይጠራት ባልዲ ይዛ ስብርባሪውን ትለቅማለች።

ወንድሜ መስኮቱን አውርዶ፣ «ይሄ ሰውዬ እዚህ ምን ያደርጋል?» አለ።

«ሌባ ነው» አለች አክስቴ። «ሲሚንቶ እየሰረቀልኝ ነው።»

«እማዬ፣ ዶክተሩ እኮ…»

«ዶክተሩ ተንቀሳቀሱ ብሏል። መኪናህን መንገድ ላይ አቁምና አካፋውን ያዝ። ለአንተ ብዬ ነው፤ አንተም ደም ግፊት እንዳይዝህ።»

አንድ ጊዜ እናቱን፣ አንድ ጊዜ ሚስቱን አየ። ሚስቱ ቀና ብላ አላየችውም። ከዚያ መኪናውን ወደ ኋላ መለሰና መንገድ ላይ አቆመው። አካፋውን የያዘው በማግስቱ ነው፤ ለዚያም አኩርፎ። ይቅር ያልኩት ይመስለው ይሆናል። ገና ነኝ።

ዘንድሮ ዝናቡ ዘገየና ሰማዩ የሚገባውን ያህል ተሰደበ። ከሁለት ወገን የሲሚንቶ ጠርዝ ባለባት ቁራጭ መሬት ላይ ያን ጥቂት ዘር ተከልን። የስፌት መኪናዬን ወደ መስኮቱ መልሻት ስለነበር አክስቴ ስታንኳኳ ቀና ብዬ አየኋት።

«እናትሽ ብቅ ብላለች፤ ነይ እያት።»

ተክሎቹ ሲያፈሩ ከማጠንጠኛዬ ቀይ ክር ቆረጠች። በዚህ ዓመት ክሩን ስታስር የወንድሜ ሚስት አጠገቧ ቆማ፣ የቱ እንደሚበላ የቱ እንደማይበላ ጣቷን እየቀሰረች ስትጠይቅ ነበር፤ አክስቴ በየጥያቄው እየተቆጣች ሁሉንም መለሰችላት። ከሁሉ የበረታውን ተክል ግን አክስቴ ራሷ ወደ ቆርቆሮው አጥር አዘንብላ አሰረችው። ክር ካሰረችባቸው ረጅሞቹን ሁለት ፍሬዎች ከተክሉ ሳትቆርጥ በስንጥቁ በኩል ወደ ማዶ አሳለፈቻቸው። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም፤ ነገር ፍለጋ ይሆናል።

ፍሬዎቹ ቢጫ ሆነው፣ ደርቀው፣ ስንነካቸው መንኳኳት ሲጀምሩ፣ አንድ ጠዋት ወደ ጓሮ ስወጣ አክስቴ ወገቧን ይዛ አጥሩ ሥር ቆማለች። በስንጥቁ በኩል ያሳለፈቻቸው የሉም።

«አንተ ሌባ!» አለች፤ ድምፅዋ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። «የት አደረስካቸው?»

ከማዶ ያ የለመድነው ድምፅ መጣ።

«ዓይኔ ይጥፋ እትዬ፣ አላየሁም።»

«ክዳኑን እንዳትገጥመው!»